ግዑዝ ማነው?

ባለፈው እትማችን ስለ አቦምሳና ስለ አካባቢዋ በጻፍነው ጽሑፍ ውስጥ አንዲት ዐረፍተ ነገር ነበረች። «ከመሬት አዋጅ በፊት የአርባ ጉጉ ጭሰኛ እንደ ግዑዝ ነገር አፉን ዘግቶ ይገዛ ነበር» ትላለች። እውነቱን ለመናገር ከጽሑፉ ሁሉ የተዋጣችልን እሷ መስላን ነበር። ስቴንስሉን የመታው ጓደኛችን እንኳ «ይቺ ጥሩ ናት» ብሎ ከሥሯ ሊያሰምርባት ከጅሎ ነበር።

ለዕረፍት ወደ አቦምሳ ስንሄድ ጥቂት ቅጂዎች ይዘን ሄድን። ገበያው አጠገብ ካለች ሻይ ቤት ተቀምጠን ከመካከላችን አንዱ ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ። ጥግ ላይ ከጓደኛቸው ጋር የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ያችን ዐረፍተ ነገር ሲሰሙ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ።

«ቆይ እስቲ ልጄ። ያችን መልሰህ አንብባት።»

ተነበበች።

«ግዑዝ ያላችሁት ማንን ነው?»

«ጭሰኛውን ነው አባባ። ጭቆናውን ለማሳየት ብለን ነው።»

«ጭሰኛው አባቴ ነው። እኔም ከኋላው በሬ እየነዳሁ ነው ያደግሁት። ድንጋይ ነበርን እንዴ? ግዑዝ ከሆንን ያን ሁሉ መሬት ማን አረሰው?»

ሻይ ቤቱ በሙሉ ሳቀ። ጓደኛቸው ነገሩ በኦሮምኛ እስኪብራራላቸው ጠበቁና «ሉቡ ሂንቀቡ ጄዴ?» ብለው ጠየቁ፤ «ነፍስ የለውም አለ?» ማለታቸው ነው። እኛ ግን አልሳቅንም። ምን ብለን እንመልስ? ቃሉን የጻፍነው ስለሚያምር እንጂ ከየት እንደመጣና በማን ላይ ሲወድቅ እንደኖረ ጠይቀን አልነበረም። ወደ ግቢ ስንመለስ መጀመሪያ የሄድነው ወደ ቤተ መጻሕፍት ነው።

ቃሉ የግዕዝ ነው፤ ያውም የቋንቋው ስም ራሱ ከተገኘበት ሥር የተቀዳ። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ ያገላበጠ ተማሪ የዚያን መጽሐፍ ታሪክ ያውቃል፤ መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ጀመሩት፣ ኪዳነ ወልድ ዕድሜያቸውን ሰጡት፣ ደስታ ተክለ ወልድ ደግሞ ደራሲው ካረፉ በኋላ በ1948 ዓ.ም. አሳተሙት። ሦስት ትውልድ ለአንድ መዝገብ! እኛ ግን አንዲት ቃል ለማጣራት አንድ ከሰዓት በኋላ ሰንፈን ነበር።

የ«ግ-ዕ-ዝ» ሥር ሁለት ትልልቅ ቅርንጫፎች አሉት። አንደኛው የመሄድ ነው። ገዐዘ ማለት ተጓዘ፣ ሰፈሩን ነቅሎ ሄደ ማለት ነው። አማርኛችን ዛሬም በዚህ ቅርንጫፍ ላይ ተንጠላጥሎ ነው የሚኖረው። ጉዞ፣ ተጓዥ፣ ጓዝ፣ ማጓጓዝ፣ ማጋዝ፣ ግዞት፣ ሁሉም የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ሁለተኛው ቅርንጫፍ የነጻነት ነው። ግዕዘ ማለት ነጻ ወጣ፣ ግዕዛን ማለት ነጻነት፣ በሊቃውንቱም አነጋገር የገዛ ፈቃድ ባለቤት መሆን ነው። አግዓዚም ከዚሁ ነው።

ታዲያ ይህ ጉድ አይደለም? የማይንቀሳቀሰውና የማይናገረው ነገር ስሙን ያገኘው ከመሄድና ነጻ ከመውጣት ሥር ነው! ሲቀመጥም ሲነሣም ሰነፍ ለሆነ ልጅ «ምነው እንደ ግዑዝ ተገትረህ» የምትል እናት፣ ሳታውቀው ስለ ጉዞና ስለ ነጻነት እየተናገረች ነው።

እኛ ቃሉን የተረዳነው እንዲህ ነው። ቅዱስ የተቀደሰ፣ ብሩክ የተባረከ፣ ፍጹም የተፈጸመ እንደሆነው ሁሉ፣ ግዑዝም በአረባቡ ሌላ ያደረገውን እንጂ ራሱ አድራጊውን አይመለከትም። ከመሄድ ወገን ካነበብነው የተጋዘ ነው። ድንጋይም እኮ ይሄዳል፤ ከአቦምሳ ዳገት ተፈንቅሎ ቤት ሲሠራበት አይተናል፤ ግን የሚያግዘው ያስፈልገዋል። ጓዝም ይጓዛል፤ በአህያ ጀርባ ነው እንጂ በእግሩ አይደለም። እንግዲህ በዚህ አነባበብ ግዑዝነት ፈጽሞ ያለመንቀሳቀስ ጉዳይ አይደለም። የመንቀሳቀሱ ፈቃድ የማን ነው የሚለው ነው ጉዳዩ። ይህንን ስናገኝ የሽማግሌው ጥያቄ ከበፊቱ ይልቅ ከበደን።

የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት የቃሉን ወሰን በጥንቃቄ ነው ያሰመሩት። በሥነ ፍጥረት ትምህርት መሬት፣ ውኃ፣ ነፋስና እሳት ግዑዛን ናቸው። ሰው ግን ከእነዚህ አራት ባሕርያተ ሥጋና ከሦስት ባሕርያተ ነፍስ የተሠራ ነው፤ ነፍሱ ለባዊት፣ ነባቢትና ሕያዊት ናት፤ ታስባለች፣ ትናገራለች፣ ትኖራለች። ልብ በሉ፤ በዚህ ቁጥር ከሄድን ሰው ከሰባት አራት እጁ ግዑዝ ነው። ይህ ስድብ አይደለም፤ የዘመድነት ቆጠራ ነው። አፈርን ግዑዝ ያለው መምህር ራሱን ከአፈሩ አላወጣም። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ስድቡን የጨመርንበት እኛ ነን።

እኛ ብቻ ነን እንኳ አንልም። ቫሮ የሚባለው የሮማ ጸሐፊ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ37 ዓመት ግድም ስለ እርሻ በጻፈው መጽሐፍ የእርሻ መሣሪያን በሦስት ይከፍላል። ጋሪው ዱዳ መሣሪያ ነው፤ በሬው በግማሽ የሚናገር መሣሪያ ነው፤ ባሪያው ደግሞ የሚናገር መሣሪያ ነው። ሰውዬው ክፉ ለመናገር አልነበረም የተነሣው፤ ለእርሻ ባለቤት ንብረት ሲቆጥርለት ነው። ነገሩን የሚያስፈራውም ይኸው ነው። በእኛም አገር ሰው እንደ ጓዝ ተግዟል፣ ተሸጧል፣ ተወርሷል። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ባርነትን በሂደት የሚያስቀር ደንብ ወጣ፤ ፈጽሞ የሚከለክለው አዋጅ የመጣው ግን በ1934 ዓ.ም. ነው። ባሪያ ነጻ ሲወጣ የነጻነት ወረቀት ይሰጠው ነበር። ከግዕዙ ሥር ሁለተኛ ቅርንጫፍ ስናየው ያ ወረቀት «ግዕዘ» የሚለው ቃል በቀለም ሲጻፍ ማለት ነው።

አሁን ወደ አርሲ እንምጣ። ከ1874 እስከ 1878 ዓ.ም. የምኒልክ ጦር አርሲን ለመያዝ ተደጋጋሚ ዘመቻ አድርጓል። አርሲዎች ለዓመታት ተዋግተው በመጨረሻ አዙሌ ላይ የተሸነፉት በ1878 ዓ.ም. ማብቂያ ነው። ከዚያ በኋላ መሬቱ በጋሻ ተለክቶ ተደለደለ። ጋሻ የጦር ዕቃ ስም ነው፤ አርባ ሄክታር ግድም የሚሆን መሬት በጋሻ ስም ተጠራ። በመሬቱ ላይ የነበረው ሰው ደግሞ ጭሰኛ ተባለ። ጭሰኛ የሚለው ቃል ከጭስ ነው የመጣው፤ ጎጆው ስለጨሰ እንጂ ስሙ ስለታወቀ አልተቆጠረም። አንባቢ ሆይ፣ እስቲ ይህን ልብ በል፤ መሬቱ በጋሻ፣ ሰውየው በጭስ! በመዝገብ ላይ ከሁለቱ ግዑዛን በቀር ማንም የለም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ ንብረትን ሁሉ ተንቀሳቃሽና የማይንቀሳቀስ ብሎ ከሁለት ይከፍላል። መሬትና ቤት የማይንቀሳቀሱ ናቸው። ግዙፍነት ያላቸው ተንቀሳቃሾች ደግሞ፣ በግርድፉ ስንናገረው፣ በራሳቸው የሚንቀሳቀሱ ወይም ሰው ሊያንቀሳቅሳቸው የሚችል ነገሮች ናቸው። በሬና ወንበር እዚህ አንድ ክፍል ውስጥ ተቀመጡ ማለት ነው፤ ቫሮ ቢያየው ደስ ይለው ነበር። ሰው በዚህ ሕግ ንብረት አይደለም፤ ይህ ሊካድ አይገባም። ነገር ግን ይኸው ሕግ የመሬት ኪራይ በምርት ሲከፈል እስከ ምርቱ ሦስት አራተኛ ድረስ እንዲሆን ይፈቅድ ነበር። ከአራት ቁና ሦስቱ ወደ ባለመሬቱ ቤት መጓዝ ይችሉ ነበር ማለት ነው፤ በማን ጀርባ እንደተጓዙ መናገር አያስፈልገንም።

ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ትራክተር መጣ። በጭላሎ በስዊድን መንግሥት ርዳታ በ1960 ዓ.ም. የተቋቋመው ካዱ የሚባለው የልማት ድርጅት ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ለአነስተኛ ገበሬ ለማድረስ ነበር ዓላማው፤ ምርቱም በእርግጥ አደገ። ግን እርሻው ሲያተርፍ ባለመሬቱ ጭሰኛውን እያስነሣ በመኪና ማረስ ጀመረ። እዚህ ላይ ነው የሕጉ ቃላት የተገላበጡት። የማይንቀሳቀሰው መሬት እዚያው ቀረ፤ በላዩ ተወልዶ ያደገው ሰው ተንቀሳቃሽ ሆነ። ትራክተር ገባ፣ ሰው ወጣ። ጓዝና ግዞት የሚሉትን ሁለት ወንድማማች ቃላት ከዚህ የበለጠ የሚያቀራርብ ታሪክ አላገኘንም።

ይሁን እንጂ ሽማግሌው የተቆጡበት ነገር በዚህ አልተመለሰም። ጭሰኛውን መዝገቡ እንደ ነገር ቆጠረው ማለት አንድ ነገር ነው፤ ጭሰኛው ነገር ነበር ማለት ሌላ። እኛ የጻፍነው ሁለተኛውን ነው። ስሕተቱም የእኛ ብቻ አይደለም፤ ከታላላቆቻችን የወረስነው ነው ብለን ብንናገር ድፍረት አይሁንብን።

በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ የወጡት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለገበሬው ነበር የጮኹት፤ ለዚያ ጩኸት ክብር አለን። ከዚያ ወዲህ በነበሩት ዓመታት አማርኛ ብዙ ቃላት አበቀለ። ቁሳቁስ ከሚለው የቤት ዕቃ ስም ቁስ የሚል ቃል ተቆርጦ ወጣ፤ ቁስ አካል፣ ቁሳዊነት፣ ታሪካዊ ቁሳዊነት ተባለ። የጓዳው ምጣድና ድስት በአንድ ጊዜ ፍልስፍና ሆኑ! ከነዚህ ጋር አብረው የመጡት ግን «ማንቃት» እና «ንቃተ ኅሊና» ናቸው። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ሲጀመር 60,000 ገደማ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ወጡ፤ ከሥራቸው አንዱ ገበሬውን ማንቃት ነበር። የሚነቃ ሰው ማን ነው? የተኛ ነው። ከተኛው እስከ ግዑዙ ደግሞ ስንት እርምጃ ነው?

ገበሬው ግን ተኝቶ አልነበረም። በ1952 ዓ.ም. የጌዴኦ ቡና አምራቾች በባለመሬቶች ላይ ተነሥተዋል። ከአርሲ ቀጥሎ ባለው በባሌ ከ1955 እስከ 1962 ዓ.ም. ድረስ፣ ዋቆ ጉቱ ከመሪዎቹ አንዱ በሆኑበት አመፅ፣ ገበሬና ከብት አርቢ ከመንግሥት ጦር ጋር ተዋግቷል። ያ ሁሉ የሆነው አዋጁ ከመውጣቱና አንድም ዘማች ተማሪ ገጠር ከመድረሱ በፊት ነው። አዋጅ ቁጥር 31 የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ሲወጣ፣ የገጠር መሬት የሕዝብ ንብረት ሲሆንና ጭሰኝነት ሲቀር፣ ማን ማንን አነቃ ብሎ መጠየቅ ይቻላል።

ከዚህም ሌላ ስንጽፍ የዘነጋነው አንድ ነገር ነበር። ግዑዝ የሚለውን ቃል እንደ እኛ አጥብቆ የሚይዘው የመጽሐፍ ሰው ነው። የሚያርሰው ሰው ቋንቋ ወሰኑን እንዲህ አያጠብቀውም። መሬቱ «ደከመ» ይላል፤ ሳይዘራ ሲከርም «ጾም አደረ» ይላል፤ ያልታረሰው «ድንግል» ነው። ዝናቡ «እምቢ አለ»። ፀሐይ «ወጣች»፣ «ጠለቀች»። መኪና ስትበላሽ ሾፌሩ «አስቸገረችኝ» ይላል እንጂ «አስቸገረኝ» ሲል የሰማነው ጥቂት ነው። ሰዋስው ምን ይላል ብለን ብንጠይቅ አማርኛ ለግዑዝ የተለየ ጾታ የለውም፤ ድንጋዩ «እሱ» ነው፣ ትንሽ ከሆነችና ከተወደደች «እሷ» ናት። አንቱታ ብቻ ነው የተነፈጋት። በኦሮምኛም በጥንቱ እምነት አያና የሚባለው ነገር ለሰው ብቻ የተሰጠ አይደለም፤ ፍጥረት ሁሉ የየራሱ አለው። አርሲዎች በመቃብር ላይ የሚያቆሙትን ሲዳ ያየ ሰው ደግሞ ነገሩ ይገባዋል። ድንጋዩ ላይ የሟቹ ፈረስ፣ ጦሩ፣ የገደለው አውሬ ተቀርጾ ወይም በቀለም ተስሎ ይታያል፤ ያ ድንጋይ የቆመው እንዲናገር ነው። ዸጋ ይበሉት ድንጋይ፣ ዝም በል ብሎ ያቆመው የለም።

አዋሽንም ሳንጠቅስ አናልፍም፤ ከአቦምሳ ወደ ቆላ ሲወረድ የሚገኘው እሱ ነውና። በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔሩ ሕግ በወጣበት ዓመት የቆቃ ግድብ ተመረቀ፤ ገንዘቡ ከጣሊያን የጦር ካሣ የመጣ ነው። ሕጉ አንድ የሚገርም አንቀጽ አለው፤ እንደ ኤሌክትሪክ ያለ የተፈጥሮ ኃይል ሰው ገዝቶ ለአገልግሎቱ ካዋለው እንደ ተንቀሳቃሽ ንብረት ይቆጠራል። ወንዙ ሲፈስ የማንም አይደለም፤ ቆቃ ላይ ተይዞ ሽቦ ውስጥ ሲገባ ንብረት ነው። ከግድቡ በታች የወንጂ ሸንኮራ፣ የኑራ ኤራና የመርቲ ጀጁ ፍራፍሬ፣ የመተሐራ ሸንኮራ ከዚሁ ከተገራው ውኃ ጠጡ። ብዙዎቻችን መርቲ የሚባል አገር መኖሩን ከማወቃችን በፊት በማርማላታው ቆርቆሮ ላይ አንብበነዋል፤ በልጅነታችን የፋብሪካ ስም ይመስለን ነበር። ዳሩ ግን ውኃው ሲገራ የከረዩ ከብት አርቢ የበጋ ግጦሹ ሸንኮራና ፓርክ ሆነበት፤ ከብቱን ይዞ ተነሣ። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል፤ እዚህ ግን የወሰደው ውኃው አልነበረም።

ይህን ሁሉ ጽፈን ስናበቃ ከመካከላችን ክርክር ተነሣ። አንዱ «ግዑዝ የሚለውን ቃል ለድንጋይም ቢሆን እንተወው» አለ። ይህ ማጋነን ነው። የኬሚስትሪ መምህራችን ሕይወት ያለውንና የሌለውን ሳይለዩ ማስተማር አይችሉም፤ ቃሉም ለዚያ ሥራው ጥሩ ቃል ነው። ሌላዋ ደግሞ «ለሰው በምሳሌ መነገሩ ምን ክፋት አለው? አንበሳም እንላለን፣ በግም እንላለን» አለች። ለዚህ ያገኘነው መልስ ይህ ነው፤ አንበሳና በግ ራሳቸው ይሄዳሉ። ግዑዝ ያልነው ሰው ግን ሌላ ካላንቀሳቀሰው የማይሄድ ነው፤ ስንጽፍ ደግሞ አንቀሳቃሾቹ እኛ እንደሆንን በሆዳችን ነበር። እሷ በዚህ አልተስማማችም፤ የሚቀጥለው እትም ላይ መልስ እጽፋለሁ ብላለች፤ ገጽ ይዘንላታል።

የቀረው ሥራ እርማቱ ነው። ያችን ዐረፍተ ነገር እንዲህ ለውጠናታል፦ «ከመሬት አዋጅ በፊት የአርባ ጉጉን መሬት የሚያርሰው ጭሰኛ ከምርቱ ከፍሎ ለባለመሬቱ ይሰጥ ነበር፤ መዝገቡ ግን ስሙን አልጻፈውም።» እንደ በፊቷ አታምርም። አሮጌው ስቴንስል ስለተቀደደ አዲስ መተናል። ለአቦምሳ አምስት ቅጂ ለይተን አስቀምጠናል፤ ሽማግሌው ስንሰነባበት «ስትመጡ አንብቡልኝ» ብለውናል፤ ጓደኛቸው ደግሞ በኦሮምኛም ካልተነበበ አልሰማም ብለዋል። ከመካከላችን ሁለቱ ትርጉሙን ጀምረዋል።